ሰላጣውን የቆረጠችው እጅ

ማክሰኞ ጠዋት ሐረገወይን ከእንቅልፏ ስትነሳ የሻይ ብርጭቆዋን ከሌሎቹ ተለይቶ፣ ወገቡ ላይ ቀይ ክር ታስሮበት፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ ለብቻው ተቀምጦ አገኘችው። የምትበላበት የብረት ሳህንም ከጎኑ ተደፍቷል፤ ጠርዙ በምስማር ተጭሮ ምልክት ወጥቶለታል። ክሩን አወቀችው። ባለፈው ሳምንት ለእህቷ ልጅ ለብርቅዬ ቀሚስ ስትሰፋ የተረፋት ነው፤ ራሷ ጠቅልላ ያስቀመጠችው። ጥቂት ቆማ አየችው። ከዚያ ሻዩን ከከሰሉ ላይ አንስታ በዚያው ብርጭቆ ቀዳች፤ ሌላውን ብትነካ ምን ሊባል እንደሚችል አታውቅማ።

እህቷ እቴናት በሩ ላይ ወንበር ስባ የልጇን ጠጉር ታበጥራለች። ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነው። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ግቢው አዙረዋል። ቤቱ አሰብ ከተማ፣ አሰብ ሰጊር በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የየመን ነጋዴ የተከራዩት፣ ግድግዳው ጣውላ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው የእቴናትና የባሏ የአሥራት ነው፤ የኋለኛው፣ ድስቱም ከሰሉም የውሃ በርሜሉም የሚቀመጥበት፣ የሐረገወይን መኝታ ነው። በሐምሌ አሰብ ውስጥ ማንም ጣሪያ ሥር አይተኛም፤ ሁሉም አልጋውን ተሸክሞ ግቢ ያወጣል። ትናንት ግን የሐረገወይንን የገመድ አልጋ የሚይዝላት አልተገኘም። ባልና ሚስቱ የራሳቸውን አውጥተው ልጃቸውን መሃላቸው አስተኙ፤ እሷ ከኋላ ክፍል በላብ ተዘፍቃ ስትገላበጥ አደረች።

«እቴናት፣ ይኼ ክር ምንድን ነው?»

«እንዳይቀያየር ነው፣ እታለም።» እቴናት ዞር ብላ አላየቻትም። «ለልጅቷ ብዬ ነው።»

«ደግ አደረግሽ» አለች ሐረገወይን። ከልቧ ነበር ያለችው። ልጅቷን የሚነካ ነገር ከእሷ እንዳይወጣ የፈለገችው ከማንም በላይ ራሷ ናት። ቢሆንም ሻዩን ሳትጨርስ አስቀመጠችው። በዚህ ቤት አብረው ሲኖሩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ እናታቸው ስትሞት እቴናትን ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ስለ ውሃው ጋሪ መዘግየት፣ ስለ ቲማቲም መወደድ፣ ስለ ጎረቤት ጠብ ሳያወሩ ቁርስ በልተው አያውቁም። ዛሬ ማበጠሪያው ጠጉር ውስጥ ሲሄድ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነበር። እቴናት ልጅቷን አሰናድታ እጇን ይዛ ተነሳች፤ ለጎረቤቷ ለእማማ አሰጋሽ አስረክባት ወደ ሥራ ልትሄድ ነው። ስትወጣ «ደህና ዋይ» እንኳ አላለቻትም።

ሁለቱ እህትማማቾች የሚሠሩት ለአዲሱ ወደብ ድንጋይ በሚያጓጉዝ ኩባንያ የሠራተኞች ወጥ ቤት ውስጥ ነበር። ሐረገወይን ዋናዋ ወጥ ሠሪ ናት፤ ለሁለት መቶ ሰው ሱጎና ቅቅል የምታወጣው እሷ ናት። እቴናት ዳቦ ትቆርጣለች፣ ሰላጣ ትሠራለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ከሠራተኞቹ አንዱን ትኩሳት ያዘው፤ ሳምንት ሳይሞላ አሥራ አንድ ሆኑ፤ ሁለቱ ሞቱ። የአንጀት ተስቦ ነው ተባለ። የኩባንያው ክሊኒክ ሐኪም ወጥ ቤት ለሚሠሩት አራት ሴቶች ስማቸው የተለጠፈበት ክዳን ያለው ትንሽ የቆርቆሮ ዕቃ አድሎ ሰገራችሁን አምጡ አላቸው። ሴቶቹ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። የእቴናት ባል አሥራት በዚያው ክሊኒክ የላቦራቶሪ ረዳት ነውና፣ «እናንተ በአደባባይ ይዛችሁት ምን ያዞራችኋል፤ የሁለታችሁን እኔ አደርስላችኋለሁ» አለ። ሐረገወይን ስለዚህ ደግነቱ መርቃዋለች። ትናንት ሰኞ የወጥ ቤቱ ኃላፊ አቶ ወልደየሱስ በር ላይ ጠብቆ፣ አራት ክንድ ያህል ርቆ ቆሞ፣ «ወይዘሮ ሐረገወይን፣ በሽታው የተገኘው አንቺ ላይ ነው አሉ። አትግቢ። ነገ ጠዋት ዶክተሩ ዘንድ ቅረቢ» አላት። «ኧረ እኔን ምንም አላመመኝም!» ብትለው፣ «ተሸካሚው አይታመምም አሉ። ዘሩን ይዞ መዞር ብቻ ነው» አለ። ሽርጧን አስፈትቶ ለእቴናት ሰጣት፤ ዋና ወጥ ሠሪነቱም ከሽርጡ ጋር ሄደ።

ሌሊቱን ሙሉ ያላስተኛት የሥራው ነገር አልነበረም። ከሞቱት አንዱ ዓሊዪ የሚባል የባቲ ሰው ነበር፤ ሳህኑን በተቀበለ ቁጥር አንገቱን ሰበር አድርጎ «እጅሽ ይባረክ» የሚል ትሑት ሰው። ይኸ እጅ ነው የገደለው እያለች ጣቶቿን በጨለማ ስታሻሽ አነጋች። አሥራት «እትዬ ሐረግ፣ ክሊኒክ መሄዱ እንኳ አያስፈልግሽም። ወረቀቱን እኔ እጨርስልሻለሁ፤ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ» ብሏት ነበር። እሷ ግን ሐኪሙን በገዛ አፏ ልትጠይቀው ፈለገች፤ እውነት ሁለቱን ሰዎች የገደልኳቸው እኔ ነኝ ወይ ብላ።

መንገድ ላይ ሳሙና ልትገዛ ከሽኩር ሱቅ ጎራ አለች። ሽኩር ከደሴ የመጣ ነጋዴ ነው፤ የአገሩ ልጅ ስለሆነች ሌላውን ሰው አስቁሞ ያስተናግዳት ነበር። ሱቁ ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ስትገባ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉ። ሽኩር ሳሙናውን በእጇ አልሰጣትም፤ ባንኮው ላይ አኖረና ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ሃያ አምስት ሳንቲሙን ስታስቀምጥም አላነሳው። «አላህ ያሽርሽ» አለ ዓይኑን ሰብሮ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አፍሯል። ሐረገወይን ሳሙናውን ይዛ ወጣች። ሳንቲሟን ጨርቅ ይዞ እንዳነሳት ወይም እዚያው እንደተዋት ለማየት ዞር አላለችም።

ክሊኒኩ ባሕር ዳር ያለ፣ ጣሊያኖች የሠሩት ዝቅ ያለ ቤት ነው። ሐኪሙ ዶክተር ፋንቲ የአገሩ ሰዎች ሲሄዱ አብሯቸው ያልሄደ ሽማግሌ ነው፤ አማርኛ የተማረው ከወታደሮች ጋር ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላል። አሥራት አልነበረም፤ ከመርከብ የወረደ መድኃኒት ሊያወጣ ጉምሩክ ሄዷል። ዶክተሩ ራሱ በሩን ከፈተላት፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት፤ ክንዷን ይዞ ደም ቀዳ። ከትናንት ወዲህ የነካት ሰው እሱ የመጀመሪያው ነበር። እንባዋ መጣ።

«ለምን ታለቅሳለህ? አላመመህም እኮ።»

«ሰዎቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ ወይ ዶክተር?»

ዶክተሩ ከወንበሩ ተነሣ። ሙቀት ከሚጠበቅበት ሳጥን ውስጥ ክዳን ያላት ትንሽ የመስተዋት ሳህን አውጥቶ ፊቷ አኖረ። ሳህኗ ውስጥ እንደ ቀዘቀዘ የእግር ቅቅል መረቅ የረጋ ነገር አለ፤ በላዩ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ተዘርቶበታል። ሐረገወይን ጥቁር አዝሙድ መሰላት። በዓይን የማይታየው የበሽታው ዘር በዚህ መረቅ ላይ ሲቀመጥ እንደሚራባና በሁለት ቀን እንዲህ እንደሚታይ፣ እያንዳንዷ ነጥብ ለብቻዋ እልፍ አእላፍ እንደሆነች በተሰባበረ አማርኛው አስረዳት። «ይኸ ያንተ ነው» አላት። «ሦስት ጊዜ ልከሃል። ሦስቱንም ጊዜ በቀለ።»

«አንድ ጊዜ ነው የሰጠሁት፣ ዶክተር።»

«ሦስት። ረስተሃል።» መዝገቡን ገልጦ ቀኖቹን በጣቱ እየተከተለ አነበበላት። የመጀመሪያው የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው። ሁለተኛው ያለፈው ማክሰኞ፣ ሦስተኛው ያለፈው ዓርብ። ሦስቱም አጠገብ ሐረገወይን ተብሎ በአሥራት እጅ ተጽፏል።

ያለፈው ዓርብ ሐረገወይን አሰብ ውስጥ አልነበረችም። ሐሙስ ጠዋት ለወጥ ቤቱ ዓሣ ልትገዛ ከኩባንያው መኪና ጋር በይሉል ወደምትባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር ሄዳ ቅዳሜ ነው የተመለሰችው። ይህን ልትናገር ስትል ዓይኗ የአሥራት ጽሕፈት ላይ አረፈ፤ ተወችው። ዶክተሩ አላስተዋለም። እስክሪብቶውን እያሻሸ፣ ሐሙስ በሚነሳው መርከብ ወደ ምጽዋ፣ ከዚያም አሥመራ እንደምትላክ ነገራት። ዘሩ የሚደበቀው ሐሞት ከረጢት ውስጥ ነው፤ እዚያ ያለው ሐኪም ሆዷን ከፍቶ ሐሞት ከረጢቷን ያወጣዋል። ጣቱን ከቀኝ ጎድኗ በታች አድርጎ የሚከፈትበትን ቦታ በአየር ላይ አሳያት። «ብዙ ሰው ይድናል» አለ።

«እሺ» አለች ሐረገወይን።

«ግን አንድ ነገር አልገባኝም። አንተ ምን ታበስላለህ?»

«ሱጎ። ቅቅል። ምስር።»

«ሁሉም ይፈላል። እሳት ይኸንን ይገድላል። ያልፈላ ነገር አለ? ሰላጣ? ሰላጣውን ማነው የሚቆርጠው?»

ጥያቄው ሲነሳ ዓሊዪ ፊቷ ድቅን አለ። ዓሊዪ እስላም ነው። የክርስቲያን ሥጋ የገባበትን ሱጎም ቅቅልም፣ በዚያው ድስት የሚሠራውን ምስርም አፉ አድርሶ አያውቅም፤ «እጅሽ ይባረክ» እያለ የሚቀበለው ዳቦና ሰላጣ ብቻ ነበር። ከአሥራ አንዱ በሽተኞች ሰባቱ እስላሞች ናቸው። ከእሷ ድስት አንዲት ጭልፋ ያልቀመሱ ሰባት ሰዎች። ዶክተሩ ይህን አያውቅም፤ ማን ምን እንደሚበላ የሚያውቀው ጭልፋ የያዘ ሰው ነው። ደግሞ ሌላ ነገር መጣባት፤ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ለዘመድ ልቅሶ ደሴ ወጥተው ሳሉ፣ እቴናት አርባ ቀን በተስቦ ወድቃ፣ ጠጉሯ ረግፎ፣ ሐረገወይን በጨርቅ ውሃ እያንጠባጠበች ከሞት እንደመለሰቻት። በመዝገቡ ላይ ስሟ አለ፤ በሳህኗ ላይ የበቀለው ግን የማን እንደሆነ ገባት።  አሥራት የመጀመሪያውን በስም ቀያይሮታል፤ እነዚያንም ሁለት ተጨማሪ ዕቃዎች ከባዶ አላመጣቸውም። የሰጠችው ሰው አለች፤ ሰጥታም ስታበቃ ማታ ማታ አጠገቧ ተቀምጣ ራት የበላች።

«ሰላጣውን ማነው የሚቆርጠው?» አለ ዶክተሩ ደግሞ።

«እኔ ነኝ» አለች።

ዶክተሩ ራሱን ነቅንቆ ጻፈ። ሐረገወይን ተነሥታ ወጣች።

ለምን እንደዋሸች ራሷም መንገድ ላይ ነው ያሰበችው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ አሸዋው በጫማዋ ሶል አልፎ ያቃጥላል። እቴናት የሐኪም ቢላዋ ትፈራለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ መርፌ ሲወጋት የምትወድቅ ናት። ሆዷን ከፍተው ሊያወጡባት ነው ሲሏት ምን እንደሆነች ሐረገወይን ሳታይ ታየዋለች። እንግዲህ ፈርታ ነው፤ አሥራትም ለሚስቱ ሳስቶ ነው። ይኸን ይቅር ማለት ይቻላል። መርከቡም፣ አሥመራም፣ ቢላዋውም ይምጣ፤ አንድ ነገር ብቻ እቴናት እሺ ትበላት። ከወጥ ቤቱ ትውጣ። ያንን ሰላጣ አትንካ።

ወጥ ቤቱ ስትደርስ ለምሳ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀርቶታል። በኋላ በር ዞረች። እቴናት የእሷን ሽርጥ ታጥቃ፣ ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን በጉልበቶቿ መሃል ይዛ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ክርኗ ድረስ ረጥባለች። ዋና ወጥ ሠሪ ብትባልም ሰላጣውን ለሌላ አልሰጠችም። ቀና ብላ ስታያት ቢላዋው ቆመ።

«ዶክተሩ ዘንድ ነበርኩ» አለቻት ሐረገወይን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዓርብ ሰጥታለች አለኝ። ዓርብ እኔ በይሉል ነበርኩ፣ እቴናት።»

እቴናት ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ሐሞቴን ሊያወጡት ነው። ታውቂ ነበር?»

እቴናት ዓይኗን ወደ ቲማቲሙ መለሰች። ታውቅ ነበር። ሐረገወይን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ ምናልባት አሥራት ሁሉን ሳይነግራት ይሆናል የምትል አንዲት ቀጭን ተስፋ ነበረቻት።

«አልተቆጣሁም» አለች፤ እውነቷን ይሁን አይሁን አላወቀችም። «እኔ ነኝ ብዬዋለሁ። ሰላጣውንም የምቆርጠው እኔ ነኝ ብዬ ዋሽቻለሁ። ሐሙስ እሄዳለሁ። አንቺ ብቻ ይኸን ተዪው። አሞኛል በዪና አሁን ተነሺ፤ ሌላ ሥራ ትፈልጊያለሽ። የሰው ነፍስ ነው እቴናት፤ ዓሊዪ ሞቷል።»

«ሁለታችንም ከወጣን ልጄን ምን ላበላት ነው?»

«አሥራት ይሠራል አይደለም?»

«ስለ አሥራት ደመወዝ እኔ ልንገርሽ?» እቴናት ቢላዋውን አነሳች። «ደግሞ ማን ያውቃል? ዶክተሩ እንኳ ሊሳሳት ይችላል። እኔ ጤነኛ ነኝ። እይኝ፤ ምኔ ነው የታመመ?»

ሐረገወይን ጎንበስ ብላ የጎድጓዳውን ሳህን ጠርዝ ያዘች። እቴናት ወደ ራሷ ሳበች። እንዲያ እየተጓተቱ ሳለ አቶ ወልደየሱስ በውስጠኛው በር ብቅ አለ። እቴናት አየችው። ፊቷ ባንዴ ሲለወጥ ሐረገወይን በቅርብ ሆና ታየዋለች፤ አንድ ዓይነት ቁርጠኝነት ነበረበት። ከዚያ ጮኸች።

«አቶ ወልደየሱስ! ይቺን ሴትዮ አስወጡልኝ! ምግቡን ልትነካብኝ ነው የመጣችው! እኛንም ልትጨርሰን ነው!»

ይቺን ሴትዮ። ሐረገወይን ሳህኑን ለቀቀች። የወጥ ቤቱ ዘበኛ በዱላው ጫፍ እየገፋ፣ በእጁ ሳይነካት፣ በፊት ለፊቱ በር በኩል አወጣት፤ ሠራተኞቹ እዚያ ተሰልፈዋል። ሰልፉ ለሁለት ተከፈለላት። አንዱ ተፋ። ሌላው «ዓሊዪን የበላችው ናት» አለ። ከፊት የቆመው ኑህ ነበር፣ የዓሊዪ የአክስት ልጅ፣ ሬሳውን ያጠበው። እሱ ፊቱን አዞረ። ከበሩ ውጪ ቆማ እቴናት ጎድጓዳውን ይዛ ስትወጣ አየች። ኑህ ሳህኑን ዘረጋ። እቴናት በእጇ ዘግና አደረገችለት፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። አመሰገናት።

አሰብ በዚያ ሰዓት እንደ ሞተ ከተማ ነው። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል፣ ውሻው እንኳ ከጀልባ ጥላ ሥር አይወጣም። ሐረገወይን ያንን መንገድ ጥላ ሳትፈልግ፣ አንዴ እየሮጠች አንዴ እየተራመደች ሄደች። ክሊኒኩ በረንዳ ላይ አሥራት በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፊቷን ሲያይ ተነሣና በሩ ላይ ቆመ።

«ዶክተሩ ተኝቷል፣ እትዬ ሐረግ። ምን ፈለግሽ?»

«ሆዴን ሊከፍቱት ነው፣ አሥራት።»

«አይከፍቱትም!» አለ በሹክሹክታ። «አስቤበታለሁ እኮ። አሥመራ መጀመሪያ ደግመው ይመረምሩሻል። ምንም አያገኙብሽም፣ ይለቁሻል። አንድ ወር ብትቆዪ ነው። እሷን ከላኳት ግን ይከፍቷታል። እናት ናት። አንቺ… አንቺ ብቻሽን ነሽ።»

ሐረገወይን ይህን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሰምታው ታውቃለች፤ ከእሱ አፍ ግን አልጠበቀችውም። ይህ ሰው እቴናትን ለጋብቻ ሲጠይቅ ሽማግሌ የተቀበለችው እሷ ናት። ለሰርጉ የአንገት ማተቧ ላይ የነበረውን ወርቅ የሸጠችው እሷ ናት። ያን ሁሉ ልትዘረዝርለት አልፈለገችም።

«ብንጠይቅሽ እሺ ትዪን ነበር ወይ?» አለ አሥራት።

«ሳትጠይቁኝም እሺ ብያችሁ ነበር። ዛሬ ጠዋት። አሁን ግን ኑህ እየበላ ነው። ዞር በልልኝ።»

አልተነቃነቀም። እሷም ከዚያ በኋላ አልለመነችውም፤ በመዳፏ የመስኮቱን ሳንቃ እየደበደበች በሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ «ዶክተር! ዶክተር!» እያለች ጮኸች። ዶክተር ፋንቲ በካናቴራ ወጣ። በረንዳው ላይ ቆማ ሁሉንም ነገረችው፤ ዋሽቼዎታለሁ፣ ሰላጣውን የምትቆርጠው እህቴ ናት፣ እስላሞቹ ከእኔ ድስት አይበሉም፣ ዓርብ በይሉል ነበርኩ፣ እህቴ ተስቦ ታማ ነበር። «ካላመኑኝ አሁኑኑ፣ ነርስ ቆማብኝ፣ ልስጥዎትና እርስዎ በገዛ እጅዎ ይቆልፉበት» አለችው። ዶክተሩ ወደ አሥራት ዞረ። አሥራት መሬት መሬት ያያል። ሽማግሌው ሌላ ምስክር አላስፈለገውም፤ ጫማውን ሳያስር መኪናው ውስጥ ገባ።

የቀረው ፈጥኖ ሆነ። ዶክተሩ የተረፈውን ሰላጣ አሸዋ ላይ አስደፋ፤ ሰላጣ የበሉትን ሁሉ ስማቸውን አስመዘገበ፤ ኑህም መሃላቸው ነበር። እቴናትን ሽርጡን አስፈትቶ፣ እስኪጣራ ከማንም እንዳትገናኝ፣ ክሊኒኩ ጀርባ ካለው ክፍል አስገባት። አሥራትን ሁለት ፖሊሶች መጥተው ለቃል ወሰዱት። አቶ ወልደየሱስ ሐረገወይንን በር ላይ አግኝቶ «በይ እንግዲህ፣ ውጤቱ ሲመጣ ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ» አላት፤ ሲላትም አራት ክንድ ያህል እንደራቀ ነበር። ከሠራተኞቹ አንድም ይቅርታ ያላት የለም። አንዱ እንዲያውም ለጓደኛው «እህቷን አሳልፋ ሰጠች» ሲል ሰማችው።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ሐረገወይን ብርቅዬን ከእማማ አሰጋሽ ተቀብላ ቤት ገባች። ልጅቷ እናቴስ፣ አባቴስ እያለች ትጠይቃለች፤ «ይመጣሉ» አለቻት። ምስር ሠራች። ልጅቷን አብልታ ጎረቤት መለሰቻት። ከዚያ የቀረውን ምስር በእንጀራ አድርጋ፣ በሳህን ከድና፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ወጣች። በዚያ ክሊኒክ ለተኛ ሰው ምግብ የሚያመጣው ዘመዱ ነው። እቴናት ደግሞ በዚህች ከተማ ሌላ ዘመድ የላትም። እማማ አሰጋሽ በበሩ ላይ ቆማ «ለእሷ ነው?» ብትላት፣ «ታዲያ ለማን ነው?» አለቻት።

የክፍሉ በር ላይ የወንፊት ሽቦ ተወጥሯል። የክሊኒኩ ዘበኛ ከፍቶ ሳህኑን እንድታቀብል ፈቀደላት። እቴናት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ከማልቀስ ብዛት አብጧል። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ሐረገወይን ሳህኑን ገልጣ ዘረጋችላት።  እቴናት ምግቡን አየች፤ የእህቷን ፊት አየች፤ እንደገና ምግቡን አየች። እጇን አልዘረጋችም።

«አስቀድመሽ አንቺ ቅመሺው» አለች።

ሐረገወይን መጀመሪያ አልገባትም። ጨውና በርበሬው ይሆናል ብላ አሰበች። ከዚያ እቴናት ዓይኗን ሳትነቅል ስትጠብቅ፣ ወደ ግድግዳውም ሸሸት ስትል፣ ገባት፤ መርዝ ይኖርበታል ብላ ነው። በሩን ተደገፈች። ዘበኛው ፊቱን አዞረ። የምትመልሰው ነገር ብዙ ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከዚያም በፊት፣ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ስትመገብ ያደገችበትን እጅ መጥራት ትችል ነበር።  ከእንጀራው ቆርሳ ምስሩን ጠቅልላ ጎረሰች። አኘከች። ምስሩ አፏ ውስጥ አሸዋ ሆነባት። እቴናት ጉሮሮዋን ታያለች፤ ውጣ እስክትጨርስ ጠበቀች፤ ከዋጠችም በኋላ ጥቂት ጠበቀች።

ከዚያ ሳህኑን ተቀብላ መብላት ጀመረች። በጣም ርቧት ነበር። ሐረገወይን ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ ቆመች።